በቦታቸው አሉ?

ባቡሩ የቶሮንቶውን ብሉር ጣቢያ ለቆ ወደ ዌስተን ሲምዘገዘግ መቅደስ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ሁለት እጇን ጭናበት፣ የምትለውን በልቧ ታጠና ነበር። የምትለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። በአማርኛ ሞከረችው፤ ጭካኔ ሆነባት። በእንግሊዝኛ ሞከረችው፤ ከባንክ የተላከ የይቅርታ መልእክት መሰላት።

«‹ሞዴሉ አይሠራም› በይውና እንውጣ» አለ ሊዮ። የዩኒቨርሲቲ የቢሮ ጓደኛዋ ነው፤ መምህሯ ዶክተር ራጉኤል ዘንድ ስትሄድ ለድፍረት እንዲሆናት ፓርክዴል ካለው ክፍሉ ከአልጋው ጎትታ አምጥታዋለች። ረጅም ጥቁር ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ ዐይኑን ሳይገልጥ ነው የሚናገረው። «ሳይንስ ነው። ሰው አልሞተም።»

«በይው አትበል። በያቸው።»

«ራሳቸው ራጉኤል በሉኝ ይሉ የለም እንዴ?»

«እሱ ለፈረንጆቹ ነው።»

«እኔም እዚሁ ነው የተወለድኩት። ፈረንጅ ነኝ» አለና ሊዮ እንቅልፉን ቀጠለ።

ሰማዩ መገርጣት ጀምሯል። ከሐዲዱ ዳርና ዳር የተቆለለው የየካቲት በረዶ ጥላሸት ጠጥቶ ጠቁሯል። መቅደስ ብርዱን ፈርታ የእናቷን ጥቁር የሱፍ ሻርፕ ከራሷ እስከ ትከሻዋ ተጠቅልላበታለች። ማን እንዴት አድርጎ እንደሚያያት አላሰበችም። ስለ ልብስ የሚያስብ ሰው ጊዜ የተረፈው ነው ብላ የምታምን ልጅ ነበረች።

በእነዚያ ዓመታት፣ በሌሎች ኮከቦች ዙሪያ የሚዞሩ ፕላኔቶች በሺህ መቆጠር በጀመሩበት ዘመን፣ የፕላኔትን አወላለድ የሚያጠኑ ሰዎች በሁለት ጎራ ተከፍለው ይሟገቱ ነበር። ኮከባቸውን ታክከው፣ እሳት ዳር እንደ ተኮለኮሉ ልጆች ተጠጋግተው የሚዞሩ ትንንሽ ፕላኔቶች በየቦታው ተገኝተዋል። ከየት መጡ? አንደኛው ጎራ ከሩቅ፣ በረዶ ካለበት ዳርቻ፣ ጋዝ እየገፋቸው ተሰደው መጡ አለ። ሁለተኛው ደግሞ እዚያው ባሉበት፣ ከአቧራና ከጠጠር ተጠራቅመው ተወለዱ አለ። ዶክተር ራጉኤል የሁለተኛው ጎራ ሰው ነበሩ፤ ያውም አበጋዙ። የሱዳንን በረሃ በእግራቸው አቋርጠው ቶሮንቶ የገቡ ሰው፣ ፕላኔት አይሰደድም ብለው ዕድሜ ልካቸውን ሲከራከሩ ባልደረቦቻቸው ቀልድ አድርገውት ነበር። «ስደተኛው ስደትን ካደ» ይሏቸዋል። እሳቸውም «እኔ ስለ ተሰደድሁ የሰማዩም ሁሉ ይሰደድ?» ብለው ይመልሳሉ።

ፕላኔት ሲወለድ ቁጭ ብሎ ለማየት የሰው ዕድሜ አይበቃም። ስለዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ኮከብ ይተከላል፤ በዙሪያው አቧራና ጋዝ ይበተናል፤ የስበት ሕግ ይሰጠውና ዘመኑ እንዲሮጥ ይለቀቃል። ሞዴል የሚሉት ይህንን ነው። የዶክተር ራጉኤልን ሞዴል እሳቸው ራሳቸው በጉብዝናቸው ወራት ጽፈውታል። ያኔ ማሽኑ ሁሉ ደካማ ስለ ነበር፣ ጋዙ የሚያድጉትን ፕላኔቶች የሚገፋበትን ጉልበት ኢምንት ነው ብለው ትተውት ነበር። መቅደስ ያንን ጉልበት ወደ ቦታው መለሰችው። ያደረገችው ይኸው ብቻ ነው። ፕላኔቶቹ ተወለዱ፤ አደጉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየተንሸራተቱ ኮከባቸው ውስጥ ገቡ። መነሻውን ለወጠችው፤ ገቡ። ጋዙን አሳሳችው፤ ዘግይተው ገቡ። አቀዘቀዘችው፤ ገቡ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዶክተር ራጉኤል የጡረታ መሰናበቻ ንግግራቸውን ያደርጋሉ። ከየአገሩ በመጡ ሰዎች ፊት ቆመው በሙሉ ድምፅ «በቦታቸው ተወለዱ» ይላሉ፤ ተማሪያቸው መቅደስ ደግሞ ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ እያወቀች ከኋላ ወንበር ትሰማለች። ንግግር ባለባቸው ሳምንት ኢሜይል እንደማይከፍቱ ዲፓርትመንቱ በሙሉ ያውቃል። ስልካቸው ከቅዳሜ ጀምሮ ዝግ ነው። መቅደስ እስኪታክታት ድረስ ኮል አድርጋለች። የቀራት በራቸውን ማንኳኳት ብቻ ነበር። ከቤት ሳይወጡ ለመያዝ ደግሞ በማለዳ መድረስ ነበረባት።

ዶክተር ራጉኤል የሚኖሩበት ከሐምበር ወንዝ ከፍ ብሎ የቆመ አሮጌ የኪራይ ሕንፃ ነው። ሊፍቱ እየተንገጫገጨ አወጣቸው። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴት በሯን ገርበብ አድርጋ አየቻቸውና ቶሎ ዘጋችው። መቅደስ ልብ አላለችም። አንኳኳች።

ዶክተር ራጉኤል ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ክራባታቸውን በአንድ ዙር አስረው፣ ጫፉን በእጃቸው እንደ ያዙ ከፈቱ። ፈገግታ ላይ ነበሩ፤ ምናልባት ንግግራቸውን ሲለማመዱ። ሊዮ በጨዋነት ኮፍያውን አወለቀ። የጎዳው ይኼ ነው። ጥቁር ካፖርት የለበሰ ወንድ ራሱን ገልጦ፣ ጥቁር የተከናነበች ልጅ አንገቷን ደፍታ፣ ሰማይና ምድር ሳይላቀቅ በር ላይ ቆመዋል።

«ዶክተር፣ ይቅርታ» አለች መቅደስ። «ቁጭ ብንል ይሻላል።»

ክራባቱ ከእጃቸው ወደቀ።

«ማነው?» አሉ። ድምፁ የማስተማሪያ ክፍል ድምፃቸው አልነበረም። «ተሻገር ነው? ንገሩኝ። ልጄ ነው?»

መቅደስ ቶሮንቶ የገባችው ገና በሕፃንነቷ ነው። የሞተባት ሰው የለም። መርዶ የሚባለውን ቃል ታውቀዋለች፤ በማለዳ በር አንኳኩቶ፣ ጥቁር ለብሶ፣ ቁጭ በሉ እያለ እንደሚመጣ ግን ማንም አልነገራትም። አሁን ሲገባት ዘግይቷል። ዶክተር ራጉኤል የበሩን መቃን ይዘው እየተንሸራተቱ መሬት ደርሰዋል፤ «ተሻገር! ልጄ! ሳላይህ! ሳላነጋግርህ!» እያሉ ጭንቅላታቸውን ከእንጨቱ ጋር ያጋጫሉ። ተሻገር በምዕራብ በኩል ትልቅ የጭነት መኪና የሚነዳ አንድ ልጃቸው ነው። ከተኳረፉ ዓመታት እንዳለፋቸው ቢሮው ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ስሙን ከአፋቸው ሰምቶ የሚያውቅ ደግሞ አልነበረም።

«ኖ! ኖ! ዶክተር፣ ይነሡ!» መቅደስ ከነቡት ጫማዋ ዘልላ ገባችና ክንዳቸውን ያዘች። «ማንም አልሞተም! እግዚአብሔርን፣ ማንም አልሞተም!»

በዚህ ጊዜ የፊት ለፊቱ በር ተበርግዶ ተከፈተ። ቅድም ገርበብ አድርጋ ያየቻቸው ሴት፣ ወይዘሮ ውብአለም፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ እየሮጠች መጣች። ለቅሶውን ሰምታለች፤ የመጡትንም ሰዎች አይታለች። ሌላ ምን ልታስብ ትችላለች?

«እኔን ጋሼ! እኔን አፈር ያስበላኝ!» አንገታቸው ላይ ወደቀች። «እናትም እህትም የሆነችዎ! እትዬ ብርቅዬ! አይቀብሯት ነገር በሰው አገር ሆነው!»

ዶክተር ራጉኤል ጩኸታቸውን አቆሙ።

«ብርቅዬ?» አሉ በቀስታ።

ወይዘሮ ውብአለም የመቅደስን ፊት አየች። ከዚያ የሊዮን። አፏን በእጇ ጫነችው። ቃል ግን አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።

ጩኸታቸውን ላልሞተው ልጃቸው ጨርሰውት ነበር። ለሞተችው እህታቸው የቀራቸው ዝም ማለት ብቻ ሆነ። እዚያው መሬት ላይ፣ በግማሽ ክራባት፣ መቅደስ ከቡቷ ያራገፈችውን በረዶ ሲቀልጥ እያዩ ተቀመጡ።

ገና ሳይረፍድ ቤቱ ሞላ። ሶፋው ወጥቶ ኮሪደር ላይ ቆመ፤ ፍራሽ ተዘረጋ። ከሬክስዴል የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ዋለልኝ የአውቶቡስ ሹፌር ዩኒፎርማቸውን እንደ ለበሱ ደረሱና፣ ራጉኤልን አቅፈው ካለቀሱ በኋላ ወጥ ቤት ገብተው ቁጣቸውን ለቀቁት።

«ዓርብ ተባብለን አልነበር? ዓርብ! ካህኑም እኛም ሆነን በወግ በማዕረግ ልናረዳው! ይቺን ልጅ ማነው የላካት?»

«ማንም አልላከኝም» አለች መቅደስ።

«ታዲያ በማለዳ ጥቁር ለብሰሽ ሰው ቤት ምን ትሠሪያለሽ? ባቡር ጣቢያ መሰለሽ?»

«ተዉዋት ጋሽ ዋለልኝ» አለች ወይዘሮ ውብአለም፤ ዐይኗ አብጧል። «ጥፋቱ የኔ ነው። ምላሴን ነው መቁረጥ።» ሰውየው ወጣ ሲሉ ፊት ለፊት ቤቷ ደርሳ የሩዝ ከረጢት ይዛ መጣች፤ እጇን እስከ ክርኗ ከትታ ስልክ ጎትታ አራገፈች።

መቅደስ ስልኩን አወቀችው። የዶክተር ራጉኤል ነው።

«ቅዳሜ ራት ጠርቻቸው አውቄ ውሃ ደፋሁበት» አለች ውብአለም። «እስኪደርቅ ሩዝ ውስጥ ይቀመጥ አልኳቸው። ባለፈው ሐሙስ አዲስ አበባ ሞታ በማግስቱ ተቀብራለች። ከአገር ቤት ቢደወልላቸውስ? ትልቅ ቀን አለባቸው፤ ንግግራቸውን ይጨርሱ ብለን ነው።»

«ስለዚህ ነው ኮል ሳደርግ የማያነሡት!» መቅደስ ድምፅዋን መቆጣጠር አቃታት። «ብታነሡልኝ ኖሮ'ኮ እዚህ አልመጣም ነበር። የገዛ እህታቸውን ሞት እንዴት ትደብቋቸዋላችሁ? ማወቅ መብታቸው ነው።»

«መብት እንባ አይጠርግም፣ እናቴ። ሰው የቆመለትን ነገር ሳይጨርስ ቢረዳ ሁለቱንም ያጣል። ነግረነው ዘወር ልንል አይደለም፤ ነግረነው አብረነው ልንቀመጥ ነው ቀን የቆረጥነው። መርዶ ነጋሪ ነግሮ አይሄድም።» ውብአለም የሩዙን አቧራ በነጠላዋ ጠረገች። «አንቺስ? ምን ይዘሽ ነው የመጣሽው?»

መቅደስ ባጭሩ ነገረቻት። ሞዴሉን፣ ጋዙን፣ የሚገቡትን ፕላኔቶች። ውብአለም የገባት ሲሶው ቢሆን ነው።

«የደከሙበት ሁሉ ገደል ገባ ነው የምትይው?»

«አዎ።»

«ከዚያስ ምን ልታደርጊ ነበር?»

መቅደስ መልሱን ታውቃለች። ነግራቸው ቀጣዩን ባቡር ልትይዝ ነበር። ሻንጣ የምታስረክብ ይመስል።

ስልኩ ሲከፈት የአዲስ አበባ ቁጥሮችና የመቅደስ ስም እየተፈራረቁ ተደረደሩ። ዶክተር ራጉኤል አንዱንም አልነኩም። አንድ ቁጥር ፈልገው ደወሉ፤ ክፍሉ ሁሉ ጸጥ አለላቸው።

«ዳድ?» አለ የጎልማሳ ድምፅ፣ ከኋላው ሞተር እየጮኸ። «ዳድ? ዋት ሃፕንድ?»

«ምንም። ደህና ነህ ወይ ብዬ ነው።»

«ደህና ነኝ።»

«እየነዳህ ነው?»

«የስ።»

«በል መንገድህን እይ። ስትቆም ደውል» አሉና ዘጉት። የአክስቱን ሞት አልነገሩትም። እየነዳ ላለ ሰው አይነገርም።

ሊዮ መቅደስን ወደ ኮሪደሩ ሳባት፤ ወጥቶ ከቆመው ሶፋ አጠገብ ቆሙ።

«ዲፓርትመንቱን አናገርኩ። ንግግሩን ካንስል አያደርጉትም። ለክብራቸው ብለው ስላይዳቸውን ሌላ ፕሮፌሰር ያነብላቸዋል።»

«ያንኑ ስላይድ?»

«ያንኑ። ግን ስሚኝ። እኛ ፕሮፌሰሩን ለብቻው እንንገረው። ይተወው። እሳቸው ማወቅ የለባቸውም፤ አትሊስት ዛሬ። ትንሽ ይረጋጉና ዓርብ እንነግራቸዋለን።»

ዓርብ። መቅደስ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ከቅድም ጀምሮ በልቧ ስትረግማቸው የነበሩት ሰዎች ቀን እኮ ነው። ይባስ ብሎ ደግሞ ጥሩ ቀን መሰላት። ዛሬ ዝም ብትል ማን ይወቅሳታል? ሊዮን እሺ ልትለው አፏን ስትከፍት ከውስጥ ተጠራች።

ዶክተር ራጉኤል ፍራሹ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰው ክራባቱን ፈቶላቸዋል። ጎንበስ አለች።

«አንቺ በማለዳ ምን ልትነግሪኝ ነበር የመጣሽው?»

«ምንም አይደለም፣ ዶክተር። ይቆይ።»

«መቅደስ።»

«ሌላ ቀን ይሻላል። ዓርብ...»

«አራት ቀን ስበላና ስስቅ ነበር» አሉ። «እነዚህ ሁሉ እያዩኝ። በፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። ሁለተኛ ግን አልችልም። ንገሪኝ።»

ባቡር ላይ ያጠናችው ዓረፍተ ነገር ጠፋባት። ላፕቶፑን አምጥታ ፍራሹ ላይ ከፈተችው።

«የጋዙን ግፊት አስገባሁበት» አለች። ቁልፉን ተጫነች።

ጥቁሩ ስክሪን ላይ ኮከቡ በራ፤ አቧራው ዙሪያውን ተንሳፈፈ። ነጥቦች እየተጋጩ ተጣበቁ፤ አደጉ። በቅርብ ቦታቸው ላይ፣ ዶክተር ራጉኤል በየመድረኩ እንዳሉት፣ ተወለዱ። ሽማግሌው ወደ ፊት አዘነበሉ። ከዚያ የውስጠኛው ቀስ ብሎ መንሸራተት ጀመረ። ክቡ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ ኮከቡ ውስጥ ጠፋ። ቀጣዩ ተከተለ።

አጠገባቸው የተቀመጡ ነጠላ ያዘቀዘቁ አሮጊት አንገታቸውን አስግገው አዩ። «የሟቿ ቪዲዮ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አይደለም እማማ» አሉ ዶክተር ራጉኤል። «የኔ ነው።»

«ነፍስ ይማር» አሉ አሮጊቷ ለማንኛውም።

«ጋዙን አሳስተሽው ሞክረሻል?» ዐይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም።

«ሞክሬያለሁ።»

«ቶሎ እንዲበተን ብታደርጊውስ? ሳይገፋቸው ተኖ ቢያልቅ?»

«ቶሎ ከተበተነ መጀመሪያውኑ አይወለዱም።»

«ጠርዝ ላይ የሚይዛቸው ነገር... ጋዙ ኮከቡ አጠገብ ሲቋረጥ ይቆሙ ይሆናል።»

«አንድ ሁለቱ ይቆማሉ። እነሱም የሚቆሙት ከሌላ ቦታ መጥተው ነው። እዚያው ተወልደው አይደለም።»

ሰውየው ጥያቄ እየፈለጉ ቆዩ። መቅደስ ለእያንዳንዱ መልስ ነበራት፤ በሕይወቷ መልስ ስላላት የተናደደችበት ቀን ያ ብቻ ነው። በመጨረሻ ጥያቄው አለቀ። ስክሪኑ ላይ ኮከቡ ብቻውን ቀርቶ ያበራል።

«ሥራው ንጹሕ ነው» አሉ። ሲያስተምሩ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። «የኔን ስላይድ ሊያነቡልኝ ነው አሉ፤ እንዳያነቡት። ያንቺን ያሳዩአቸው። ሂጂና አንቺው ንገሪያቸው፤ ያንቺ ነው።»

ይኼን ቃል ስትመኝ ስንት ክረምት አልፏል። ከየአገሩ የመጡት ሰዎች ከሰዓት በኋላ አንድ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ስሟን ይሰማሉ። ሊዮ በሩ ላይ ካፖርቱን ለብሶ፣ የእሷን ሻርፕ ይዞ ቆሟል።

ዶክተር ራጉኤል ግን አልጨረሱም ነበር።

«ብርቅዬ አንድም ቀን ምን እንደምሠራ ገብቷት አያውቅም» አሉ። «ስትደውል ግን ከሰላምታ ቀጥላ የምትጠይቀኝ ይኼንኑ ነበር። ‹እነዚያ ልጆችህ በቦታቸው አሉ?› ትለኛለች። አሉ፣ እላታለሁ። ደስ ይላታል።» ቀና ብለው አዩአት። «እንኳንም ይኼን ሳልነግራት ሄደች።»

ያኔ ነው ያለቀሱት። ድምፅ አልነበረውም።

«የትሬይኑ ሰዓት ደረሰ» አለ ሊዮ ከበሩ፣ በሹክሹክታ። «መኪ፣ ትመጫለሽ?»

መቅደስ ተነሥታ ወደ እሱ ሄደች። ስልኳን አውጥታ ፋይሉን ላከችለት።

«አንተ አሳያቸው» አለችው። «በዝግታ ተናገር። ጥያቄ ሲበዛብህ አላውቅም በል።»

«አር ዩ ክሬዚ? የሦስት ዓመት ሥራሽ ነው'ኮ!»

«ሂድ፤ ያመልጥሃል።»

ወደ ታች ስታይ ቡት ጫማዋን ከጠዋት ጀምሮ አላወለቀችም። በረዶው ቀልጦ ከእግሯ ሥር ጥቁር ኩሬ ሠርቷል። በዚህ ከተማ ማንም ሰው ቤት ከነጫማው አይገባም፤ ቶሎ የሚወጣ ካልሆነ በቀር። ክሮቹን ፈታች። ጫማዋን በሩ ሥር ከተከመረው የለቅሶኛ ጫማ ጎን አስቀመጠችና በካልሲዋ ተመልሳ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ ውብአለም ከወጥ ቤት አየቻት።

«ከመጀመሪያው» አሉ ዶክተር ራጉኤል።

መቅደስ ከመጀመሪያው አስነሣችው። ኮከቡ በራ፤ አቧራው ተበተነ። ገና አንዱም አልተወለደም፤ ገና አንዱም አልጠፋም።